የኦሱን ገዥ ምርጫ ሲቃረብ የመረጣቸውን ፓርቲ ለምን ተዉት?

የጣና ዳር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ የምትገኘውን የኦሱን ግዛት ምርጫ ለመከታተል እየሞከርኩ ነው፤ አንድ ነገር ግን አልገባ ብሎኛል። (ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።) ገዥው አደሞላ አደለኬ በጁላይ 2022 ፒዲፒ በተባለው ትልቅ ፓርቲ ስም ተወዳድረው 403,371 ድምፅ በማግኘት በሥልጣን ላይ የነበሩትን፣ የፌዴራል መንግሥቱን የሚመራው ፓርቲ የኤፒሲ ሰው የሆኑትን ግቦዬጋ ኦየቶላን አሸነፉ። ኦየቶላ ያገኙት 375,027 ነበር። በኦገስት 2026 ለሚካሄደው ምርጫ ግን አደለኬ ለዚህ ሥልጣን ያበቃቸውን ፓርቲ በኖቬምበር 2025 ለቀው በዲሴምበር አኮርድ ወደተባለ ትንሽ ፓርቲ ገቡ፤ መግባታቸው በተነገረ ማግስት ማለት ይቻላል የፓርቲው ዕጩ ሆነው ተመረጡ።

በሥራ ላይ ያለ ገዥ ስሙ የታወቀውን፣ መዋቅሩ እስከ ቀበሌ የወረደውን ፓርቲ ትቶ ምርጫው ስምንት ወር ሲቀረው ወደ ትንሽ ፓርቲ የሚሄድበት ምክንያት ምንድን ነው? በእኛ አገር ዕጩ ማቅረብ በአብዛኛው የፓርቲ የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ፣ ፓርቲው ያላቀረበው ሰውም በግል የመወዳደር መብት ስላለው፣ የናይጄሪያው አሠራር እንግዳ ሆኖብኛል። ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ፍርድና ሚዛን

የጥያቄዎ ቁልፍ መጨረሻ ላይ ያነሱት ነጥብ ነው። በናይጄሪያ ሕገ መንግሥት የግል ተወዳዳሪ የሚባል ነገር የለም፤ ለገዥነት የሚወዳደር ሰው የግድ በፓርቲ መቅረብ አለበት። ፓርቲውም ዕጩውን በፈለገው መንገድ አይመርጥም። አደለኬ በዕጩነት በተመረጡበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ2022ቱ የምርጫ ሕግ ሦስት መንገዶችን ብቻ ይፈቅድ ነበር፤ አባላት ሁሉ በቀጥታ ይመርጣሉ፣ ወይም የተወከሉ ልዑካን ይመርጣሉ፣ ወይም ተፎካካሪዎቹ ሁሉ በጽሑፍ ተስማምተው ለአንድ ሰው ይለቃሉ። ፓርቲው ዕጩውን የሚመርጥበትን ቀን ከ21 ቀን በፊት ለምርጫ ኮሚሽኑ ማሳወቅ ነበረበት፤ የኮሚሽኑ ሰዎችም ተገኝተው ይታዘቡ ነበር። ይህን ያልጠበቀ ፓርቲ ዕጩው ከድምፅ መስጫ ወረቀቱ እንደሚወጣ ሕጉ በግልጽ ይደነግግ ነበር።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ማስፈራሪያ አይደለም። በ2019 በዛምፋራ ግዛት ኤፒሲ የገዥነቱን ምርጫ ከ5 መቶ ሺህ በላይ ድምፅ አግኝቶ አሸንፎ ነበር። ሆኖም ፓርቲው ከዚያ በፊት ሕጋዊ የዕጩ ምርጫ አላካሄደም ተብሎ ክስ ስለነበረበት፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሜይ 24 ቀን 2019 ለኤፒሲ የተሰጠውን ድምፅ በሙሉ እንዳልተሰጠ ቆጠረው። አዲሱ ገዥ ቃለ መሐላ ሊፈጽሙ አምስት ቀን ሲቀራቸው ሥልጣኑ ለፒዲፒው ቤሎ ማታዋሌ ተላለፈ። የተወሰደው የገዥው ወንበር ብቻ አይደለም፤ የግዛቲቱ ሦስቱም የሴኔት መቀመጫዎች፣ ሰባቱም የፌዴራል ምክር ቤት መቀመጫዎችና የግዛቱ ምክር ቤት ጭምር ነው። በዚያው ዓመት በሪቨርስ ግዛት ኤፒሲ በውስጡ በተነሳው የዕጩ ምርጫ ክርክር ምክንያት ከድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ጨርሶ ተሰርዞ ምርጫው ያለ እርሱ ተካሂዷል።

እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ፖለቲከኛ በ2025 መጨረሻ የፒዲፒን ሁኔታ ሲመለከት ምን ያስባል? ፓርቲው በብሔራዊ ደረጃ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንዱ ወገን በኖቬምበር ኢባዳን ላይ ጉባኤ ጠርቶ አዲስ ሊቀመንበር ሲመርጥ፣ የዋና ከተማዋ ግዛት ሚኒስትር የኒየሶም ዊኬ ወገን ጉባኤውን አልቀበልም አለ፤ ፍርድ ቤቶችም እርስ በርስ የሚጋጩ ትእዛዞች ሰጡ። ለኮሚሽኑ የሚላከው የዕጩ ምርጫ ማስታወቂያና የዕጩው ስም ደግሞ የፓርቲውን ብሔራዊ ሊቀመንበርና ዋና ጸሐፊ ፊርማ ይፈልጋል። የማን ፊርማ ሕጋዊ እንደሆነ ባልታወቀበት ፓርቲ ስም የቀረበ ዕጩ በኦገስት ቢያሸንፍ እንኳ በፍርድ ቤት ሊወድቅ ይችላል። አደለኬ የሸሹት ይህን ነው ብዬ አምናለሁ። አኮርድ ትንሽ ቢሆንም፣ ለእርሳቸው ያስፈለጋቸው ፊርማው የማይታማ ፓርቲ ነበር።

መስከረም ጠባ

ፍርድና ሚዛን ባቀረቡት የሕግ ማብራሪያ ብስማማም፣ ነገሩን ሁሉ በፊርማ ላይ ብቻ ማንጠልጠል አይበቃም ባይ ነኝ። ኦሱን በፌዴራል መንግሥቱ በኩል ከባድ ጫና የነበረባት ግዛት ናት። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የአካባቢ መስተዳድሮቿ የበጀት ድርሻ ተይዞ ቆይቷል፤ ሰበቡም የአካባቢ መስተዳድሮቹ ሕጋዊ ሊቀመናብርት በፒዲፒ ዘመን የተመረጡት ናቸው ወይስ ቀደም ሲል በኤፒሲ ዘመን የተመረጡት የሚለው ክርክር ነው። የመምህራንና የጤና ሠራተኞች ኑሮ ከዚህ ገንዘብ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ጉዳዩ የፖለቲከኞች ብቻ አይደለም፤ ይህን ሳስብ ያመኛል። ስለዚህ ገዥው የፓርቲ ጥላ ሲመርጡ ከአቡጃ ጋር የሚኖራቸውን ግንኙነትም ሳያሰሉ አልቀሩም።

በተቃራኒው ወገን ያለውንም መርሳት የለብንም። የኤፒሲው ዕጩ ቦላ ኦየባሚጂ በዲሴምበር 2025 የቀረቡት በስምምነት በሚባለው መንገድ ነው። ሰውየው በኦየቶላ ዘመን የግዛቲቱ የገንዘብ ኃላፊ ነበሩ፤ ኋላም ኦየቶላ በሚመሩት የባሕር ጉዳዮች ሚኒስቴር ሥር ያለውን የአገር ውስጥ የውኃ መንገዶች መሥሪያ ቤት ይመሩ ነበር። በ2018ቱ የገዥነት ምርጫ ከ128 ሺህ በላይ ድምፅ ያገኙት ኢዪኦላ ኦሚሶሬ ለ2026ቱ ምርጫ በኤፒሲ በኩል ዕጩ ለመሆን ቢፈልጉም በማጣሪያው ቀርተዋል። ስምምነት የሚለው ቃል ሲነገር ያማረ ነው፤ ሰው በማጣሪያ እየተቀነሰ ከሄደ በኋላ የሚገኝ ስምምነት ግን በእኔ እምነት የአባላትን ምርጫ አይተካም።

የጣና ዳር (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፊርማው ነገር አሁን ግልጽ ሆነልኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምር፤ መራጩ ሰውየውን ካወቃቸው የፓርቲው ስም መለወጡ ምን ጉዳት አለው? ለአራት ዓመት ያስተዳደራቸውን ሰው በስሙ አይመርጡትም?

ኢባዳን የነበርኩ

ኢባዳን በሚገኝ የእርሻ ምርምር ተቋም ውስጥ ለተወሰኑ ዓመታት ስለሠራሁና ወደ ኦሱን ዋና ከተማ ወደ ኦሾግቦ እመላለስ ስለነበር፣ ለመጨረሻው ጥያቄዎ ያየሁትን ልንገርዎ። በናይጄሪያ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የዕጩ ስምም ሆነ ፎቶግራፍ የለም፤ የፓርቲዎች ምልክትና አጭር ስም ብቻ ነው ያለው። መራጩ አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ከምልክቱ ጎን ያሳርፋል። የፒዲፒ ምልክት ጃንጥላ ነው፣ የኤፒሲ መጥረጊያ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ይህን ወደ ሕግ መርሕ ቀይሮታል፦ በሪቨርስ ግዛት የፒዲፒን የዕጩ ምርጫ ያሸነፉት ሮቲሚ አማኤቺ በሌላ ሰው ተተክተው የ2007ቱ ምርጫ ከተካሄደ በኋላ፣ ፍርድ ቤቱ መራጩ ድምፅ የሰጠው ለፓርቲው ነው፣ የፓርቲው ትክክለኛ ዕጩም አማኤቺ ነበሩ ብሎ በምርጫው ቀን ያልተወዳደሩትን ሰው ገዥ አደረጋቸው።

የምርጫውን ቀን በጁላይ 2022 ኦሾግቦ ከነበርኩበት ሰፈር አጠገብ በሚገኝ ጣቢያ አይቻለሁ። ጣቢያው ማለት ከአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ሥር የተቀመጠ ጠረጴዛና የካርቶን መከለያ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ወጣት ሴት ነበረች፤ ድምፅ መስጠቱ ሲያበቃ ሳጥኑን ገልብጣ ወረቀቶቹን በየፓርቲው ከለየች በኋላ እያንዳንዷን ወደ ሕዝቡ ዘርግታ እያነሳች ታሳይ ጀመር። ሕዝቡም በዮሩባ ቋንቋ “ኤኒ፣ ኤጂ፣ ኤታ” እያለ በአንድ ድምፅ አብሯት ይቆጥር ነበር። አንዲት ወረቀት ላይ የጣት አሻራው በሁለት ምልክቶች መካከል አርፎ ስለነበር ከሁለቱም ወገን ጩኸት ተነሳ፤ ልጅቷም ወረቀቷን ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ከዚያ ውጤቱ በቅጽ ተሞልቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

በዚያ ግዛት አንዲት ወረቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ለማወቅ የአደለኬን የራሳቸውን ታሪክ ማየት ይበቃል። በ2018 የፒዲፒ ዕጩ የሆኑት 1,569 ለ1,562 በሆነ የልዑካን ድምፅ፣ ማለትም በ7 ሰው ብልጫ ነው። በዋናው ምርጫ በመጀመሪያው ዙር ቢመሩም በሰባት ጣቢያዎች ምርጫው እንዲደገም ተደርጎ በ482 ድምፅ ተሸነፉ። በ2022 ካሸነፉ በኋላም የአቤቱታ ሰሚው ችሎት በጃኑዋሪ 2023 ውጤታቸውን ሽሮት፣ ይግባኝ ሰሚው በማርች መልሶላቸው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ አጽንቶላቸዋል። ፍርድና ሚዛን ስለ ፊርማው የጻፉትን የማምነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ በፍርድ ቤት ይህን ያህል የተንገላታ ሰው ሌላ ክስ የሚያስከትል ወረቀት ይዞ መቅረብ አይፈልግም። በነገራችን ላይ በ2018 በ7 ድምፅ የተሸነፉት አኪን ኦጉንቢዪ በ2022 የተወዳደሩት በዚሁ በአኮርድ ስም ነበር።

የመዋቅሩ ነገርም ቀላል አይደለም። በፌብሩዋሪ 2022 ኤፒሲ ዕጩውን በአባላት ቀጥታ ምርጫ ሲመርጥ፣ በአንድ ሰፈር ሰዎች በየደጋፊያቸው ረድፍ ተሰልፈው አንድ የፓርቲ ሰው ትከሻቸውን እየነካ ሲቆጥራቸው አይቻለሁ። በመጨረሻ ለኦየቶላ 222,169፣ ለተቀናቃኛቸው ሞሹድ አደኦቲ 12,921 ተብሎ ታወጀ። የድምሩን ትክክለኛነት ተሸናፊዎቹ አልተቀበሉትም፤ እኔም ላረጋግጠው አልችልም። ነገር ግን ሰውን በየሰፈሩ ጠርቶ የሚያሰልፍ መዋቅር መኖሩን በዓይኔ አይቻለሁ፤ አኮርድ በስምንት ወር ውስጥ ይህን ከባዶ መገንባት አለበት፣ ወይም የገዥው ሰዎች ከነሰልፋቸው ከፒዲፒ ወደ እርሱ መዞር አለባቸው።

ስለዚህ የእርስዎን ጥያቄ ልመልስና፣ ሰውየውንማ ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ሲጨፍሩ ያላያቸው የለም፣ ዘፋኙ ዳቪዶም የወንድማቸው ልጅ ነው። ከባዱ ሥራ በኦሱን ከተሞች፣ በኤዴም ሆነ በኢሌሻ፣ ለዓመታት ጃንጥላው ላይ ጣታቸውን ሲያሳርፉ የኖሩ፣ ማንበብ የማይችሉ አረጋዊት እናት በወረቀቱ ላይ አዲሱን ምልክት እንዲለዩ ማስተማር ነው። ጃንጥላው በኦገስት ወረቀቱ ላይ ካለ፣ ለአደለኬ ታስቦ እርሱ ላይ የሚያርፈው አሻራ ስንት እንደሚሆን እኔ በየጣቢያው ቅጽ ላይ ቀድሜ የማየው ቁጥር ነው።