ማዘርን ላብ አጠመቃት፣ ኢንሱሊኑ ነው እንዴ? እባካችሁ ቶሎ

ሚሚ፦ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ማዘር ከእንቅልፏ ነቅታ ላብ በላብ ሆናለች እጇም ይንቀጠቀጣል፣ ስኳሯን ስለካት 54 አለ። ድሮ ኤንፒኤች የሚባለውን ኢንሱሊን ነበር የምትወጋው፣ በዚህ ሳምንት ግላርጂን ወደሚባለው ሌላ ኢንሱሊን ቀየሩላት። ሳይድ ኢፌክቱ ነው? ላቁምባት?

ሲስተር ነኝ፦ ጥያቄው ይቆይና ስኳሯ ወርዷል፣ መዋጥ ትችላለች? ከቻለች 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ አጠጫት፣ 15 ደቂቃ ጠብቀሽ ለኪ፣ 70 ካልደረሰ ድገሚ። ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሪ፣ ወደ ሀኪም ቤት ይዘሻት ሩጪ።

ጋሽ አበበ፦ ኢንሱሊን ከጀመሩት ወዲያ መውጫ የለውም ልጄ፣ አንድ ጎረቤታችን ጀምሮ አይኑ ጠፋ። የሽፈራው ቅጠል አፍልታ ትጠጣ።

ዮኒ፦ ጋሼ ይቅርታ ግን አይን የሚያጠፋው ስንት አመት ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር ነው እንጂ ኢንሱሊኑ አይደለም። ሽፈራውን ኮንሶዎች እንደ ጎመን ይበሉታል፣ አሁን ግን 54 ላይ ላለ ሰው ጎመን ምን ይሰራል 😂

ኪያ፦ ቸኮሌት ስጫት፣ ከተረፈ እኔ አለሁ

ቤዛ፦ ቸኮሌት ቅባት ስላለው ስኳሩ ቶሎ አይገባም። ለስላሳ ይሻላል፣ ዳየት ያልሆነ።

ሚሚ፦ ጠጣች፣ 83 ሆነ ተመስገን። ለካ አልነገርኳችሁም፣ ድሮ ጠዋት 20 ዩኒት ማታ 10 ነበር የምትወጋው አሁን ማታ ብቻ 30 ነው፣ ደግሞ ሆዷ ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት ስላለ ከትናንት ጀምሮ ታፋዋ ላይ ነው የምወጋት

ሲስተር ነኝ፦ በቃ ነገሩ እሱ ይመስለኛል! በቀን ሁለቴ ከሚወጋ ኤንፒኤች ወደ ግላርጂን ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ ድምሩ 20 ፐርሰንት ይቀነሳል፣ ማለትም ከ30 ወደ 24። እብጠቱ ደግሞ አንድ ቦታ እየደጋገሙ ሲወጉ የሚመጣ ስብ ነው፣ እዛ ላይ የተወጋው በደንብ አይሰርግም ነበር፣ አሁን ደህና ቆዳ ሲያገኝ ያው ዶዝ በዛባት። በራስሽ አታቁሚ፣ ነገ ማታ ከመውጋትሽ በፊት ለሀኪሟ ሁለቱንም ንገሪው። ግላርጂን እስከ 24 ሰዓት ስለሚሰራ ስኳሯ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፣ አሁን ዳቦ ነገር አብያትና ሌሊቱን ለኪያት።

ሀብታሙ፦ ስኳር በውሃ አጠጫት

ቤዛ፦ ጠጥታለች እኮ ወንድሜ 😅

ዮኒ፦ ሚሚ፣ ማዘር ጾም ላይ ናት እንዴ? እራት በልታለች?

ትዕግስት፦ አባቴም ኢንሱሊን ከጀመረ ወዲህ ወፈረ፣ ይሄም ከሱ ነው?

ሲስተር ነኝ፦ አዎ ያለ ነገር ነው፣ በሽንት ይወጣ የነበረው ስኳር አሁን ሰውነቱ ውስጥ ይቀራላ። ሚሚ ስንት ሆነ?