ጠዋት የመኪና መስታወት ላይ የሚጋገረውን ውርጭ በምን ታነሱታላችሁ?

ጥያቄ (አዲስ ገቢ፣ ደብረ ብርሃን)
ሰላም ለሁላችሁ። ከአዳማ ተዛውሬ ደብረ ብርሃን ከገባሁ ገና ሁለት ወሬ ነው። መኪናዬ ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። ኅዳር ከገባ ወዲህ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስወጣ የፊት መስታወቱ ነጭ ሆኖ፣ ውርጩ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻክሮ ይጠብቀኛል። ትናንት የዝናብ መጥረጊያውን ባስነሳው መስታወቱ ላይ ተጣብቆ አልነቃነቅ አለ። ጎረቤቴ የፈላ ውሃ ድፋበት ይለኛል። ልጆቹን ትምህርት ቤት ማድረስ ስላለብኝ ፀሐይ እስኪያቀልጠው መቆም አልችልም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (የመንዝ መስመር ሹፌር)
ወንድሜ፣ የፈላ ውሃ እንዳታስጠጋው! እኔ በዚሁ ነው የተቃጠልኩት። መስታወቴ ላይ ጠጠር የመታት፣ የጥፍር ጫፍ የምታክል ቦታ ነበረች፤ ውሃውን እንደደፋሁበት ጧ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ላዩ በአንዴ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ውስጡ ግን ገና በረዶ ነው፣ ሁለቱ ሲጓተቱ መስታወቱ አይችልም። ደግሞ ውሃው ራሱ በዚያ ብርድ ተመልሶ ይረጋል። ጨውም የሚሉህ አሉ፣ ተው፣ ቆርቆሮህን ያዝገዋል። መጥረጊያውንም በግድ አታስነሳው፣ ጎማው ይቀደዳል።

መልስ (ጠባሴ ሰፈር)
ዋናው ሥራ የማታ ነው። ደመና በሌለበት ሌሊት መስታወቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል፣ ለዚህ ነው ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ የሞላ ዕለት ውርጩ የሚብሰው። ስለዚህ መሸፈን ብቻ ነው። ካርቶን ወይ ደረቅ ማዳበሪያ መስታወቱ ላይ ዘርጋ፣ ግራና ቀኙን በሮቹ ውስጥ አስገብተህ ዝጋባቸው፣ ነፋስ አይወስደውም። እርጥብ ጨርቅ ግን አደራ፣ እዚያው ይጣበቅብሃል። ቆርቆሮ ጥላ ሥር ካገኘህማ ምንም አያሻህ። ደብረ ብርሃን እኮ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከአዳማ ከ1,000 ሜትር በላይ ወጥተሃል!

መልስ (እህታችሁ ከፋርማሲ)
መሸፈን ለረሳህበት ቀን፦ 70 ፐርሰንት አልኮል በመርጫ ጠርሙስ ይዘህ እደር። አልኮል እንደ ውሃ ቶሎ አይረጋም፣ ስትረጨው ውርጩ ይላላል፣ ከዚያ በጠንካራ ፕላስቲክ ፍቀው። ቢላና ብረት አታስነካው። ስትረጭ ሲጋራም ክብሪትም አጠገብህ አይኑር። ሞተሩን አስነስተህ ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ አዙር፣ ግን ከትንሹ ጀምረህ ቀስ በቀስ ጨምር። ውስጡን ጉም ከያዘው ደግሞ ኤሲውን ከሙቀቱ ጋር አብራ፣ አየሩም ከውጭ ይግባ፤ ኤሲው እርጥበቱን ይመጠዋል። ልጆቹ ሲተነፍሱ መስታወቱ የሚሸፈነው በዚሁ እርጥበት ነው።

አዲስ ገቢ
እግዜር ይስጥልኝ! ማታ ማዳበሪያ አልብሼው አደረ፣ ጠዋት ፊቱ ንጹሕ ነው። የጎኖቹ ግን ነጭ ናቸው፣ እነሱን ልተዋቸው?

የመንዝ መስመር ሹፌር
አትተዋቸው! ጎኑንም፣ የኋላውንም፣ ስፖኪዮውንም ጥረግ። በዚያ ሰዓት በግ የሚነዳውም፣ አህያ ጭኖ ገበያ የሚወጣውም ከጎን ነው የሚገባብህ። ወደ ጣርማበር ከወጣህማ ጉሙም አለ። አምስት ደቂቃ ቀድመህ ተነሣ።