«በሽማግሌ ይታይ» ሲባል ፍርድ ነው ወይስ ዕርቅ?

ጠበቃዋ (ሐዋሳ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሐዋሳ ውስጥ በጥብቅና የምሠራ ነኝ። ጥያቄዬ የቃላት ነው፤ ግን የሰው ኑሮ ውስጥ የሚገባ ጣጣ ስላለው ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ሁለት ሸሪኮች ናቸው፤ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ዓሣ ከሐይቁ እየተረከቡ ለሆቴሎች ያቀርባሉ። ሥራውን ሲጀምሩ እንደ ወንድማማች ነበሩ። አሁን በሂሳብ ተጣልተው አይነጋገሩም። ውላቸው መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «አለመግባባት ቢፈጠር በሽማግሌ ታይቶ ይፈታል።» አንደኛው «ሽማግሌ ያለው አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት የሚባል ነገር የለም» ይላል። ሌላው «ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አይፈርድም፤ ካልተስማማሁ እከሳለሁ» ባይ ነው። ሁለቱም የሚያነቡት ያችኑ አንድ መስመር ነው። አሁን ከሂሳቡ በላይ የሚያጣላቸው እሷ ሆናለች።

እኔ ክስ ከመጻፌ በፊት ሰዎቹን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ እመርጣለሁ። እንደኔ የሚያስቡ የሙያ ጓደኞችም አሉኝ። ለደንበኛ ስናስረዳ ግን ቃሉ ይደበላለቅብናል። ሽማግሌ፣ አስታራቂ፣ አስማሚ፣ ገላጋይ፣ ሸምጋይ፤ እንዳፋችን እያቀያየርን እንጠራቸዋለን። ከቅጣት ይልቅ የተበዳዩን ጉዳት መጠገን የሚያስቀድመው «ሪስቶሬቲቭ ጀስቲስ» ሲመጣማ ይብሳል። አንዳንዱ «የተሃድሶ ፍትሕ» ይለዋል። ይህን ልጇ ለተከሰሰባት እናት ብነግራት፣ ልጄ ሥልጠና ሊገባ ነው ብላ ነው የምትረዳኝ። እስቲ አግዙኝ።

ግእዝ ወዳጅ

እህቴ፣ ከ«ገላጋይ» ልጀምር። ገላጋይ መጀመሪያ የሚሠራው በእጁ ነው። ሁለት ሰዎች ሲያያዙ መሐል ይገባና አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ያደርጋል። ማን ልክ እንደሆነ አይመረምርም። ከዚያው ቤት «ተገላገለ» አለ፤ ከሸክም ወይም ከጭንቅ ወጣ ማለት ነው። ነፍሰ ጡርም «በሰላም ተገላገለች» ትባላለች። አንድ አስቸጋሪ ነገር ሲያልፍልን «እፎይ፣ ግልግል!» እንላለን። ቃሉ የሚነግረን ጭንቁ ማብቃቱን ነው። ፍቅር መመለሱን አይነግረንም። ገላጋይ የለያያቸው ሰዎች ማታ ተገናኝተው ሊቀጥሉ ይችላሉ።

«ታረቁ» ስንል ግን ቢያንስ ሰላምታው ተመልሷል። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለዋል። ውስጥ ውስጡን የሚቀረው ክፉ ስሜት «ቁርሾ» ይባላል። ዕርቅ የሚለካው እሱ በመኖሩና ባለመኖሩ ነው።

የቀድሞ ዳኛ

ግእዝ ወዳጅ ያለው ከሕጉ ጋር ይሄዳል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራካሪዎች ራሳቸው መርጠው የሚያስፈርዱትን ሰው «የዘመድ ዳኛ» ይለው ነበር። ብዙ ሰው አጎት ወይም አክስት ይመስለዋል። ዘመድ መሆን ግን ግዴታ አልነበረም። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ስሙን «ግልግል ዳኝነት» አደረገው። ርዕሱ ላይም ሁለቱን ለየብቻ አስቀመጣቸው፤ የግልግል ዳኝነት እና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ነው የሚለው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። የግልግል ዳኛ ይፈርዳል። ውሳኔው ሁለቱንም ያስራል፤ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። አስታራቂ አይፈርድም። ያነጋግራል፣ ሐሳብ ያቀርባል፤ ካልተስማሙበት ግዴታ የለም። በዚያው ዓመት የወጣው የፌደራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ደግሞ «ፍርድ ቤት መር አስማሚነት» የሚባለውን አመጣ። ይህ ለፍርድ ቤት የቀረበን ጉዳይ፣ ከሙግቱ በፊት ባለጉዳዮቹ በአስማሚ ፊት እንዲነጋገሩበት የሚያደርግ ነው። አስማሚውም አይፈርድም።

«ሽማግሌ» የሚለው ቃል እነዚህን ሁሉ ያቅፋል። በመንደር ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ሲያስፈልግ ይፈርዳል፤ ሴት ልጅ ለመጠየቅም ይላካል። መንደር ውስጥ የቱን ሊሠራ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። ውል ላይ ሲጻፍ ግን አይታወቅም። ችሎት ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ መስመር ደጋግሞ ገጥሞኛል። ሰዎቹ ከዋናው ጉዳይ በፊት በቃሉ ትርጉም ብቻ ብዙ ይከራከራሉ። የሚያሳዝነው እሱ ነው፤ ቃሉን ያስገቡት ከሙግት ለመዳን ነበርና።

ታሪክ አንባቢ

የጋሼን ልዩነት በደንብ የሚያሳይ ጉዳይ አለ። ጋንዲ ወጣት ጠበቃ ሆኖ ደቡብ አፍሪካ የሄደው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። የተቀጠረበት ክርክር በሁለት ሕንዳውያን ነጋዴዎች መካከል ነበር፤ ሰዎቹ ዘመዳሞችም ናቸው። የጠበቃው ወጪ ሁለቱንም እየበላ መሆኑን ሲያይ፣ ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኛ እንዲሄድ ጎተጎተ። ሄደ፤ የጋንዲ ደንበኛ ረታ።

እዚህ ላይ ሌላ ጠበቃ ቢሆን ሻንጣውን ይዘጋ ነበር። ተረቺው ግን ያን ሁሉ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ቢከፍል ይከስራል። ጋንዲ የገዛ ደንበኛውን ለምኖ ክፍያው በረጅም ጊዜ ተከፋፍሎ እንዲሆን አደረገ። ግልግል ዳኝነቱ ክርክሩን ጨረሰው። ሰዎቹን ያስታረቃቸው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

የጉዱማሌ ልጅ

ሐዋሳ ላይ ሆናችሁ አፊኒን ሳታነሱ ልትጨርሱ ነው እንዴ? በሲዳማ ጸብ ሲነሳ ሽማግሌዎች ሶንጎ፣ ማለትም ሸንጎ፣ ይቀመጣሉ። የሥርዓቱ ስም አፊኒ ነው። «አፊኒ?» ማለት «ሰማችሁ?» ማለት ነው። ሰው በደሉን ሲናገር ጉዳዩ መሰማቱን እየጠየቀ ነው። የሚፈለገው ደግሞ ሐላሌ ነው፤ እውነቱ። ሐላሌ ካልወጣ ዕርቅ የለም።

አሁን አማርኛውን ተመልከቱት። «ተስማማ» ከ«ሰማ» ነው የመጣው። ሁለት ሰዎች ተስማሙ ማለት ከሥሩ ተሰማሙ፣ አንዱ ሌላውን ሰማ ማለት ነው። «አስማሚ» የሚባለውም እንዲሰማሙ የሚያደርግ ሰው ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በየራሳቸው መንገድ እዚያው መስማት ላይ ደረሱ። ለእህታችን ደንበኞች እኔ «አስማሚ»ን እመርጣለሁ። ሰዎቹ መጀመሪያ የጎደላቸው መሰማት ነው።

መምህርቷ

ውይይቱ ደስ ይላል። እኔ ግን የምፈራውን ልናገር። «በሽማግሌ ተያዘ» የሚለውን ቃል እኔ ባደግኩበት አካባቢ የምሰማው ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ስትጎዳ ነው። ያኔ ዕርቅ የሚሉት ማዳፈንን ነው። የተዳፈነ እሳት አልጠፋም፤ አመድ ለበሰ እንጂ። ሕጉም አንድ ወቅት አግዞት ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሕጋዊ በሆነ ጋብቻ ካገባት ክሱን ያስቀርለት ነበር። ይህ የቀረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ አደራ፤ ማስታረቅና ማድበስበስ በአንድ ስም እንዳይጠሩ።

የቀድሞ ዳኛ

መምህርት፣ ልክ ነሽ። የግል አቤቱታ የሚያስፈልጋቸው ወንጀሎች አሉ፤ እነዚያን ተበዳይ ይቅር ብሎ ሊተዋቸው ይችላል። ከባድ ወንጀልን ግን የሽማግሌ ዕርቅ አያስቀረውም። ጥፋተኛው ከልቡ ተጸጽቶ የበደለውን ቢክስ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 እንደ ቅጣት ማቅለያ ይቆጥርለታል። ቅጣት ያቀልለታል እንጂ ክሱን አያስቀርለትም።

አዲስ አባል

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ «ጠበቃ» የመጣው ከ«ጠብ» ነው የሚባለው እውነት ነው? ሰፈራችን ውስጥ ጠበቃ የያዘ ሰው ጠብ የፈለገ ነው የሚባለው።

ግእዝ ወዳጅ

አይደለም ወንድሜ። ጠብ የምንለው የግእዙ ጸብእ ነው፤ ጦርነት ማለት ነው። ስለዚህ «ጸብ» ብለው የሚጽፉት ሥሩን ይዘዋል። ጠበቃ ግን ከ«ጠበቀ» ነው። ዘብ የሚቆም፣ የሚጠብቅ። ሌላው የሙያው ስም «ነገረ ፈጅ» ነው፤ ዛሬም መሥሪያ ቤቶች ለሚወክላቸው የሕግ ባለሙያ ይጠቀሙበታል። ነገር የሚጨርስ ማለት ነው፤ ነገር የሚያበዛ አላሉትም።

«ፍትሕ»ንም እዩት። ፈትሐ በግእዝ ፈታ ማለት ነው፤ ፈረደ ማለትም ነው። የታሰረን መፍታትና መፍረድ አንድ ግስ ላይ ተቀምጠዋል። የጋብቻ ፍቺ፣ የቃል ፍቺ፣ ለሞተ ሰው የሚደረገው ፍታት፣ ሁሉም የዚያ ቤት ልጆች ናቸው። እኛም እዚህ ቃል ስንፈታ የምንውለው እዚያው ቤት ነው።

አሁን ወደ «ሪስቶሬቲቭ»። እኔ «ጠጋኝ ፍትሕ» ብል ደስ ይለኛል። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ጠገነ እንላለን፤ ቃሉን ለማስረዳት ማንም አይቸገርም። «ፈዋሽ» የሚለው ግን ይከብደኛል። ጠበል ያስመስለዋል። «ሻረ»ም አለ፤ ቁስሉ ሻረ እንላለን። ችግሩ ሕግ ቤት ውስጥ «ተሻረ» ማለት ውሳኔው ፈረሰ ማለት መሆኑ ነው። ጠበቃ ለደንበኛዋ «ይሽርልሻል» ብትል ይግባኙን ያሸነፈች ይመስላታል።

ጠበቃዋ (ሐዋሳ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ የለዩት ልዩነት ዛሬውኑ ይጠቅመኛል።

ስለ «ሪስቶሬቲቭ» አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካዊው ሃዋርድ ዜር ነገሩን በጥያቄ ነው የሚለየው። የተለመደው ችሎት የቱ ሕግ ተጣሰ፣ ማን ጣሰው፣ ምን ይገባዋል ብሎ ይጠይቃል። ሌላው መንገድ ማን ተጎዳ፣ ምን ያስፈልገዋል፣ ያን የማድረግ ግዴታ የማን ነው ይላል።

ቢሮዬ የመጣች አንዲት ጀበና ቡና ሻጭ ነበረች። አንድ የባጃጅ ሹፌር በሒሳብ ተጨቃጭቆ ተናዶ ረከቦቷን በእግሩ ገፍቶባታል። ሲኒው አለቀ፤ ጀበናው አንገቱ ተሰበረ። ስብርባሪውን በፌስታል ይዛው መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችው። ልጁ ሲጠራ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ስንት እንደሚከፍል ጠየቀ። እሷ ወደኔ ዞራ «ሲኒውማ ይተካል» አለችኝ። «የሰደበኝ ደንበኞቼ ፊት ነው። ካሳዬ እዚያው ቆሞ፣ እነሱ እየሰሙ ይቅርታ ማለቱ ነው።»

እኔ እስከዚያ ቀን ካሳ ስል ብር ነበር የሚታየኝ። የሕግ ትምህርቱም እንደዚያ አስለምዶኛል። እሷ ግን «መተካት»ንና «መካስ»ን ለይታ ነው የተናገረችው። ልጁ እቃውን ገዛላት። ጠዋት ሰው ሞልቶ ሳለ መጥቶም ይቅርታ ጠየቃት። አቤቱታዋን አነሳች። ከዚያ ወዲህ ለደንበኞቼ «ካሳና ዕርቅ» እላለሁ። «ጠጋኝ ፍትሕ»ን ለጽሑፍ እይዘዋለሁ።

አንድ የቀረኝ፦ እኔ ራሴን ምን ልበል? «አስታራቂ ጠበቃ» ያስኬዳል?

የቀድሞ ዳኛ

እሱን ተዪው ልጄ። አስታራቂ የማንም ወገን አይደለም። ጠበቃ የደንበኛው ነው። በአንድ ጉዳይ ሁለቱን መሆን አይቻልም፤ ስሙ ደግሞ ሁለቱን ያደባልቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሚኒያፖሊስ የነበረ ስቱዋርት ዌብ የሚባል የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ ይህን በደንብ ፈታው። ከእንግዲህ ፍቺን የምይዘው ለስምምነት ብቻ ነው፤ ስምምነቱ ከፈረሰና ፍርድ ቤት ከተሄደ ደንበኛዬ ሌላ ጠበቃ ይያዝ አለ። አሠራሩን የተከተሉት ጠበቆች ሁለቱም ወገን ይህን አስቀድመው ይፈርማሉ። ጠበቆቹ የየደንበኛቸው ሆነው ይቀራሉ፤ ግን ነገሩ ቢካረር ሥራውን ያጣሉ። «ዕርቅ የሚያስቀድም ጠበቃ» ብትዪ በቂ ነው። ረዘም ቢልም አያሳስትም።

ጠበቃዋ (ሐዋሳ)

እሺ ጋሼ። ለቀጣይ ውሎች ይህን አርቅቄያለሁ፤ ቃል በቃል እዩልኝ፦

«አለመግባባት ቢፈጠር ተዋዋዮች ሁለቱም በመረጡት አስታራቂ ፊት ይነጋገራሉ። አስታራቂው አይፈርድም። በ30 ቀን ውስጥ ካልተስማሙ ጉዳዩ በግልግል ዳኛ ይወሰናል። የግልግል ዳኛው ውሳኔ ሁለቱንም ያስገድዳል።»

የጉዱማሌ ልጅ

«ይነጋገራሉ» ብቻ? «አንዱ የሌላውን ቃል ከሰማ በኋላ ይነጋገራሉ» በዪው።

የቀድሞ ዳኛ

የእሱን ጨምሪበት። 30 ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርም ጻፊ፤ «አንደኛው ወገን ለሌላው በጽሑፍ ካሳወቀበት ቀን ጀምሮ» ይበል። ግልግል ዳኛው ካልተስማሙበት ማን እንደሚመርጠውም አስገቢ። ለዓሣዎቹ ሸሪኮች ደግሞ አዲስ ውል ሳይጠብቁ አሁኑኑ በአንድ ገጽ አስፈርሚያቸው፦ እኛ «ሽማግሌ» ስንል አስታራቂ ማለታችን ነው፣ ወይም የግልግል ዳኛ ማለታችን ነው ብለው ይምረጡ። በዚህ ላይ ከተስማሙ ሂሳቡን የሚነጋገሩበት በር ተከፈተ።

ጠበቃዋ (ሐዋሳ)

ሐሙስ ሁለቱም ቢሮዬ ይመጣሉ። አንዷን ገጽ አዘጋጅቼ እጠብቃቸዋለሁ። የተፈረመውን ቃል፣ ከፈቀዱልኝ፣ እዚህ አመጣዋለሁ።