ራምና ፕሮሰሰሩን ኦቨርክሎክ ካደረግሁ (ከመደበኛ ፍጥነታቸው በላይ ካስኬድሁ) ወዲህ ሬንደር (የተቀናበረው ቪዲዮ ወደ አንድ ፋይል ሲወጣ) መሃል ላይ ይቋረጥብኛል፤ እርዱኝ

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የሠርግ ቪዲዮ ነው። ኮምፒውተሬ ራይዘን 5 3600 ነው፤ ማዘርቦርዱ ቢ450፣ ራሙ 32 ጊጋ። ራሙ ግን አንድ ላይ አልተገዛም። መጀመሪያ ሁለት 8 ጊጋ ነበረኝ፤ ጥቅምት ላይ የሌላ ማርክ ሁለት 8 ጊጋ ጨመርሁበት። አራቱም ላይ 3200 የሚል ፍጥነት ተጽፏል።

የጥር ሠርግ ሳይደርስ ትንሽ ፍጥነት ላግኝ ብዬ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ) ገባሁ። ኤክስኤምፒን (ራሙን በተጻፈበት ፍጥነት የሚያስኬደውን ቅንብር) አበራሁ፣ የፕሮሰሰሩን ኮር ሁሉ 4.3 ጊጋኸርትዝ ላይ ቆለፍሁ፣ ቮልቴጁን 1.4 አደረግሁት። ሁሉንም በአንድ ማታ። ዊንዶውስ ደህና ተነሣ፣ ሲኒቤንችም (የፕሮሰሰር አቅም መለኪያው ፕሮግራም) አለፈ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጉዱ ሥራ ላይ መጣ። የአንድ ሰዓት ተኩል ሠርግ ሬንደር ሳደርግ 40 ወይም 60 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። አንዴ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ይላል፣ አንዴ ደግሞ «ዊያ አንኮሬክተብል ኤረር»። ትናንት ሌሊት እስከ መጨረሻው ሄደልኝ ብዬ ጠዋት ስከፍተው፣ ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት የምትስምበት ቦታ ላይ ምስሉ አረንጓዴ ካሬ ካሬ ሆኗል። ካሜራው ላይ ያለው ኦርጅናል ደህና ነው፤ የተበላሸው ሬንደር የተደረገው ነው። እሑድ ማስረከብ አለብኝ። እኛ ሰፈር ወፍጮ ቤቱ ሲነሣ አምፖሉ ይደበዝዛል፤ መብራቱ ይሆን?

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሰው ሠርግ ይዳን። ባዮስ ግባና ሁሉንም ወደ ዲፎልት (ሳትነካው ወደነበረበት) መልሰው፣ ሬንደሩን አድርግ፣ አስረክብ። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ይጨርሳል። ምርመራው ከሰኞ በኋላ ይደርሳል። ኦርጅናሉንም አሁኑኑ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጠው።

መልስ፣ ከቡሬ

መብራቱ አይመስለኝም። መብራት ሲቀንስ ወይም ሲቆረጥ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ነው የሚጠፋው፤ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ ጽሑፍ ለማሳየት ጊዜ የለውም። ያንተ ግን ምን እንደሆነ እየነገረህ ነው የሚወድቀው። ለወፍጮው ዩፒኤስ ግዛ፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ልጄ፣ ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሁለት ዓይነት ስህተት ማየትህ ራሱ ፍንጭ ነው። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ብዙ ጊዜ ከራም ይመጣል። «ዊያ» ደግሞ ኦቨርክሎክ በተደረገ ማሽን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ለተሰጠው ፍጥነት ቮልቴጁ አልበቃው ሲል ወይም ሙቀት ሲበዛበት ነው። ሁለቱን በአንድ ማታ ስለነካሃቸው የትኛው የትኛውን እንዳመጣ መለየት አልቻልህም። ስለዚህ አንድ በአንድ።

ከራሙ ጀምር፣ ምክንያቱም የሚያስፈራው እሱ ነው። ፕሮሰሰር ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ ይወድቃል፣ ታየዋለህ። ራም ግን ዝም ብሎ አንዲት ቢት ይቀይርና ይቀጥላል። ያ አረንጓዴ ካሬ እንዲህ የመጣ ይመስለኛል። ዛሬ ቪዲዮ ላይ ሆነና አየኸው፤ ነገ የዊንዶውስ ፋይል ላይ ወይም ፎቶ ስትገለብጥ ቢሆን በምን ታውቃለህ?

3200 የሚለው ጽሑፍ ሁለት ሁለቱ አብረው የተፈተሹበት ነው፤ አራት ተቀላቅለው አይደለም። ኤኤምዲ ራሱ ለዚህ ፕሮሰሰር የሚሰጠው ቁጥር ለሁለት ራም 3200 ነው። አራቱም ስሎት ሲሞላ፣ ሲንግል ራንክ (አንድ የቺፕ ስብስብ ያላቸው) ከሆኑ ወደ 2933፣ ዱዋል ራንክ (ሁለት ስብስብ ያላቸው) ከሆኑ ወደ 2667 ይወርዳል። የሁለት ማርክ ቅልቅል ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

አሁን ፕሮሰሰሩን ዲፎልት ላይ ተወውና ሜምቴስት86ን (የራም መፈተሻ ፕሮግራም ነው) ፍላሽ ላይ ጭነህ በፍላሹ አስነሣው። ኤክስኤምፒ በርቶ አራቱንም ፈትሽ። አንድ ቀይ መስመር እንኳ ከመጣ ወድቋል፤ «አንድ ስህተት ምን አላት» አይባልም። ከዚያ ሁለት ሁለት እያደረግህ ለየብቻ ፈትሽ። ሁለት ብቻ ስታስገባ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት ላይ ይሁን። ለ32 ጊጋ የፈተናው አራቱ ዙር ሌሊቱን ሊፈጅ ይችላል፤ መብራት ከጠፋ እንደገና ከአንድ ነው የምትጀምረው፣ ስለዚህ ዩፒኤስ ካለው ጓደኛ ተዋስ። ለየብቻ ካለፉና አብረው ከወደቁ፣ ፍጥነቱን በእጅህ 2933 አድርገው፣ ታይሚንጉንና (የራሙን የምላሽ መዘግየት) 1.35 ቮልቱን ኤክስኤምፒ በሰጠው ተወው፣ እንደገና ፈትሽ።

ወደ ፕሮሰሰሩ ስመጣ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ 4.3ቱን እርሳው። 3600 በራሱ እስከ 4.2 ይወጣል። ሁሉም ኮር ሬንደር ላይ ሲሠራ 4.0 አካባቢ ይቆያል። በእጅህ ስትቆልፈው የምታገኘው ጥቂት ፐርሰንት ነው፤ ለዚያ ብለህ 1.4 ቮልት ለሰዓታት መስጠት ዕድሜውን መብላት ነው። ደግሞ አብሮት የመጣውን ትንሿን ፋን ነው የምትጠቀመው ብዬ እገምታለሁ። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል። ብርዱ ይረዳሃል፣ ግን ፈረንጅ ዩቲዩብ ላይ 80 ዲግሪ ያሳየህ ቅንብር አንተ ጋ 80 ላይሆን ይችላል። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 95 ነው። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም ክፈትና ሬንደር ላይ ስንት እንደሚደርስ እየው።

መልስ፣ ከእንጅባራ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን 3200 ጭራሽ አይቻልም ማለት አይደለም። የራሙን ቮልት 1.4፣ የሶኩን (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሙን የሚቆጣጠረው ክፍል) 1.1 አድርጌ አራት ራም በ3200 እያሠራሁ ነው፤ ከዓመት በላይ ሆነኝ። ታይሚንጉን ከ16 ወደ 18 ማላላትም ይረዳል።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ አንቺ ፈትሸሽ ነው የተቀመጥሽው፣ ይቻላል። ለጌም ቢሆን እኔም እለው ነበር። ይህ ልጅ ግን የማይደገም ቀን ነው የሚያቀናብረው። ከ2933 እስከ 3200 ያለውን ልዩነት ሬንደር ላይ ብዙም አያየውም።

ጥያቄ፣ ከዳንግላ

በዚያው ልጠይቅ፤ እኔ 3200 ራም ላይ ኤክስኤምፒ አብርቼ ሲፒዩ ዜድ (የኮምፒውተሩን መረጃ የሚያሳየው ፕሮግራም) 1600 ነው የሚለኝ። ግማሹ የት ሄደ?

መልስ፣ ከቡሬ

የትም አልሄደም። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ነው ዳታ የሚልከው። 1600ን በሁለት አባዛው፣ 3200 ነው። ታስክ ማናጀር ላይ ሙሉውን ታገኘዋለህ። ባትነካው ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ 2133 ወይም 2400 ላይ ነበር የሚቀመጠው።

ከጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሠርጉን በዲፎልት ጨርሼ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስረከብሁ፤ ጉልበት የምትስምበት ጥርት ብሎ ወጥቷል።

ከሰኞ ጀምሮ እንዳሉኝ ፈተሽሁ። አራቱም በ3200፦ ሁለተኛው ዙር ላይ ቀይ መጣ፣ ያውም አንድ አይደለም። የድሮዎቹ ለብቻ፦ ንጹሕ። አዲሶቹ ለብቻ፦ ንጹሕ። እኔ እኮ አዲሶቹን ልመልስ ነበር፤ ሻጩን በከንቱ ልናገረው ነበር። አራቱም በ2933፦ አራቱንም ዙር አለፉ። በማግስቱ ፕራይም95ን (ፕሮሰሰርና ራም የሚያስጨንቅ መፈተሻ) ላርጅ ኤፍኤፍቲ የሚለው ምርጫ ላይ ስድስት ሰዓት ለቀቅሁት፣ ምንም የለም።

ፕሮሰሰሩን አውቶ ላይ ተውሁት። በፊት 4.3 ላይ እያለ ስንት እንደሚደርስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ለአምስት ደቂቃ መልሼ ሳየው 94 ነካ፣ ወዲያው አጠፋሁት። አሁን ሬንደር ላይ 79 ነው። ያው ሠርግ በዚያ ሳይቋረጥ በጨረሰበት ሌሊት 52 ደቂቃ ፈጅቶ ነበር፤ አሁን 55።

አንድ የቀረኝ፦ እነዚያ ሁሉ ሰማያዊ ስክሪኖች ዊንዶውሱን ጎድተውት ይሆን?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ሊሆን ይችላል። ራሙ ሲሳሳት የተጻፈ ፋይል ካለ ስህተቱ ዲስኩ ላይ ቀርቷል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈትና ኤስኤፍሲ ስካናው የሚለውን ትእዛዝ አስኪደው፤ የተበላሸ የሲስተም ፋይል ካገኘ ለመጠገን ይሞክራል። በእነዚያ ቀናት ከካርድ ወደ ኮምፒውተር የገለበጥሃቸውን ቪዲዮዎች ግን እሱ አያውቃቸውም። ካርዶቹን ካልፎርማትሃቸው አሁን እንደገና ገልብጣቸው።

ከጠያቂው፣ ከደብረ ማርቆስ

ሁለቱ ካርዶች አሉ፣ አልነካኋቸውም። አሁን እየገለበጥሁ ነው።