የፍሎፒ ድራይቭ ጽዳት፦ የእድራችንን መዝገብ ለማውጣት እርዳታ እጠይቃለሁ

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)
ሰላም ለሁላችሁ። የእድራችን የአባላት መዝገብ ያለው በ3.5 ኢንች ፍሎፒ ዲስኮች ላይ ሲሆን፣ ጸሐፊነቱን ስረከብ ለዓመታት አቧራ ውስጥ የቆየ አሮጌ ኮምፒውተርም አብሮ ተሰጠኝ። ድራይቩ፣ ማለትም ዲስኩ ገብቶ የሚነበብበት ክፍል፣ አንዳንዶቹን ዲስኮች ያነባል፤ ሌሎቹን ሲያስገቡለት ግን ሲጢጥ ይልና ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሳልጎዳው እንዴት ላጽዳው? በየስንት ጊዜውስ?

የጥገና ባለሙያ (ድሬዳዋ፣ መጋላ)
ፎርማት ይደረግ የሚለውን ጥያቄ በምንም ምክንያት እሺ እንዳይሉት፤ መዝገቡ ይጠፋል። ድራይቩ እስኪጸዳም ሌላ ዲስክ አያስገቡ። የፍሎፒ ሄድ (የድራይቩ ማንበቢያ ጫፍ) በዲስኩ ውስጥ በደቂቃ 300 ጊዜ የሚሽከረከረውን ፊልም እየነካ ስለሚያነብ፣ ሄዱ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ ፊልሙን ይፍቀዋል። የዲስኩን መዝጊያ ወደ ጎን ገፋ አድርገው ፊልሙን በብርሃን ይመልከቱ፤ ሻጋታ ያለበትን ለብቻ ያስቀምጡ፣ አንዱ ሻጋታ ሄዱን አበላሽቶ ለሌሎቹ ይተርፋልና።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለው ድራይቩን ያውጡና ክዳኑን ይክፈቱ። ብናኙን በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት እንጂ ጎሚስታ ቤት ወስደው አያስነፉት፤ የኮምፕሬሰር አየር ውሃና ዘይት ይዞ ይመጣል። ክር የማይተው ጨርቅ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥበው ሁለቱን ሄዶች በቀስታ ይጥረጉ፣ እስኪደርቅም ይጠብቁ። የላይኛውን ሄድ ጨርቁ ከሚያልፍበት በላይ ቀና አያድርጉት፤ የተንጠለጠለበት ስስ ብረት አንዴ ከተጣመመ ድራይቩ አበቃለት።

አባል (ሐረር)
ወንድሜ በተናገሩት ላይ የምጨምረው ስለ ቅባቱ ነው። ሲጢጥታው አንዳንድ ጊዜ ሄዱ የሚንሸራተትበት ዘንግ ላይ ያለው ግሪስ ሲደርቅ ይመጣል። የደረቀውን በአልኮል ጠርገው፣ በስቴኪኒ ጫፍ እጅግ ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት ይቀቡት። እኔ እዚህ ሐረር መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ነው የማገኘው። ዘይቱ ሄዱን ፈጽሞ እንዳይነካ። በእያንዳንዱ የዲስኩ ገጽ 80 ትራክ (መረጃ የሚጻፍበት ክብ መስመር) ተጠጋግቶ ስላለ፣ ሄዱን የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር ብሎን ማላላትም አቀማመጡን ያዛባል።

አባል (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)
መክፈት ለሚያስፈራው ማጽጃ ዲስክ መጠቀምም ይቻላል፣ ነገር ግን ፈሳሹ ሳይጨመርበት በደረቁ ከገባ ሄዱን ይፍቀዋል። ስለ ጊዜው፣ እኔ በቀን ቆጥሮ ማጽዳትን አልደግፍም፤ የማንበብ ስህተት ሲጀምር ማጽዳት ይበቃል። በእኛ ከተማ አቧራ ግን በማይሠራበት ጊዜ ጨርቅ ማልበስ ግዴታ ነው።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንዳላችሁት አጽድቼ ሲጢጥታው ቆመ። ምንም እንዳይጻፍባቸው የዲስኮቹን ጥግ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ከፍቼ የተነበበውን መዝገብ ሁሉ ኮፒ አደረግኩ። ሻጋታ የሌለባቸው ሁለት ዲስኮች ግን አሁንም አይነበቡም።

የጥገና ባለሙያ
እነዚህ ምናልባት ሄዱ በተዛባ ሌላ ድራይቭ ላይ የተጻፉ ይሆናሉ፤ እንዲህ ያለው ዲስክ የሚነበበው ብዙ ጊዜ በጻፈው ድራይቭ ብቻ ነው። የቀድሞውን ጸሐፊ በየትኛው ኮምፒውተር ይሠሩ እንደነበር ይጠይቋቸው፤ ድራይቩ ከተገኘ እሱንም በዚሁ መንገድ አጽድተው ይሞክሩት።