«ፋኤቶን ፈንድታ ነው አስትሮይዶች የተፈጠሩት» የሚለውን በካልኩሌተር መፈተሽ ይቻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። በማርስና በጁፒተር መካከል ፋኤቶን የምትባል ፕላኔት ነበረች፣ ፈንድታ ስባሪዋ አስትሮይድ የሚባሉት ፀሐይን የሚዞሩ ድንጋዮች ሆኖ ቀረ የሚል ነገር በየቪዲዮው ይደጋገማል። ማስረጃቸው የፕላኔቶችን ርቀት ያሰላል የሚባለው የቦድ ሕግ ነው፦ 0፣ 3፣ 6፣ 12፣ 24 እያሉ በእጥፍ መሄድ፣ 4 መደመር፣ ለ10 ማካፈል። የመሬት ርቀት ከፀሐይ 1 ከተባለ 24 ላይ 2.8 ይወጣል፤ ከአስትሮይዶቹ ትልቋ ሴሬስ ደግሞ 2.77 ላይ ናት። ቁጥሩ ይህን ያህል ከገጠመ በምን ላፍርሰው?

መልስ 1፦
ስሌቱን እዚያ አያቁሙት፣ ይቀጥሉበት። 192 ላይ 19.6 ይወጣል፤ በ1781 የተገኘችው ዩራነስ 19.2 ላይ ስለሆነች ሰው ሁሉ ያመነው በዚህ ነው። ቀጣዩ 384 ግን 38.8 ይሰጣል፣ ኔፕቱን ያለችው 30 ላይ ነው። ደግሞ መነሻውን ይዩት፦ 0 ሲታጠፍ 3 አይሆንም። ሜርኩሪ እንድትገባ ሲባል በእጅ የተጨመረ ቁጥር ነው።

ከዚያ መጠነ ቁሱን ይመዝኑ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ብዛቱን ስለሚያዩ ነው፤ የተመዘገቡት አስትሮይዶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሁሉም ቢደመሩ ግን ወደ 2.4 × 10²¹ ኪሎ ግራም ነው፣ የጨረቃ 3 በመቶ ገደማ። ከሲሶ በላይ የሚሆነውን ሴሬስ ብቻዋን ይዛዋለች። ተጠቅልለው አንድ ኳስ ቢሆኑ ከዳር እስከ ዳር 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚወጣቸው።

መልስ 2፦
«የቀረው ተበትኖ ጠፍቷል» ይሉዎታል። ያኔ ጉልበቱን ያስሉ። አንድን ፕላኔት ዳግም እንዳይሰበሰብ አድርጎ ለመበተን ቢያንስ የሚያስፈልገው፦ 0.6 × 6.67 × 10⁻¹¹ × የመጠነ ቁሱ ካሬ ÷ ራዲየስ። ለማርስ 6.42 × 10²³ ኪሎ ግራምና 3,390,000 ሜትር ያስገቡ። ራዲየሱን በኪሎ ሜትር ከተዉት መልሱ ሺህ እጥፍ ይነፋብዎታል፣ ይጠንቀቁ። የሚወጣው 4.9 × 10³⁰ ጁል ግድም ነው። ፀሐይ በሴኮንድ የምታወጣው 3.83 × 10²⁶ ጁል ስለሆነ፣ የፀሐይን ሙሉ ጉልበት ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ አንዲት ማርስን በምታክል ፕላኔት ሆድ ውስጥ ማፈንዳት ማለት ነው። በድንጋይ ፕላኔት ውስጥ ይህን የሚያህል ጉልበት የሚያመነጭ ነገር አይታወቅም።

መልስ 3፦
ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ድንጋዩ ነው። ኮንድራይት የሚባለው ሜቲዮራይት (ከጠፈር የወደቀ ድንጋይ) ተቆርጦ ሲወለወል ሚሊ ሜትር የሚያህሉ ክብ ፍሬዎች በግልጽ ይታያሉ፣ በመካከላቸውም የብረት ቅንጣቶች ያብለጨልጫሉ። ይህ ድንጋይ በትልቅ ፕላኔት ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ያቀልጠው ነበር፤ ብረቱ ወደ መሃል ይሰምጣል፣ ፍሬዎቹም ይጠፋሉ። ወድቀው ከሚገኙት አብዛኞቹ ደግሞ ኮንድራይቶች ናቸው። ቀልጠው የነበሩት የብረት ሜቲዮራይቶችም በኬሚካላዊ ይዘታቸው ሲለዩ ከአንድ እናት አካል ሳይሆን ከብዙ ትንንሽ አካላት የመጡ ሆነው ነው የተገኙት።

የሥነ ፈለክ ተመራማሪውን ኦልበርስን ግን ከዛሬዎቹ ቪዲዮዎች ጋር አንደባልቀው። በ1802 ፓላስ የተባለችውን አስትሮይድ ሲያገኝ «የተሰበረች ፕላኔት ትሆን?» ብሎ መጠየቁ ያኔ በቂ ምክንያት ነበረው። መፈተሻም አስቀምጦ ነበር፦ ስባሪዎቹ ከአንድ ቦታ ከተነሡ ምሕዋሮቻቸው እዚያው ቦታ መገናኘት አለባቸው። ብዙ አስትሮይዶች ሲገኙ እንዲህ ያለ የጋራ መገናኛ ታጣ።

ጠያቂ፦
ሁሉንም ሠራሁት፣ ማርስም ልክ እንዳላችሁት ወጣች። ታዲያ እዚያ ቦታ ፕላኔት ያልተሠራው ለምንድን ነው?

መልስ 1፦
በጁፒተር ምክንያት። ስበቷ ምሕዋሮቹን ስለሚረብሽ ድንጋዮቹ በኃይል ይጋጫሉ፤ በመጣበቅ ፈንታ ይሰባበራሉ፣ አብዛኛውም ቁስ ከአካባቢው ተጠርጎ ወጥቷል። አሻራዋን ራስዎ ያግኙት፦ 2.5 × 2.5 × 2.5 ያባዙና ካሬ ሥሩን ያውጡ፣ 3.95 ዓመት ይመጣል፤ 2.5 ርቀት ላይ ያለ ድንጋይ ፀሐይን አንዴ ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ነው። የጁፒተርን የዙር ጊዜ 11.86 ዓመት ለ3 ያካፍሉ፣ ያው 3.95 ነው። በዚያ ርቀት ያለ ድንጋይ ጁፒተር አንዴ ስትዞር ሦስቴ ስለሚዞር በየጊዜው በተመሳሳይ ቦታ ትጎትተዋለች። የአስትሮይዶችን ርቀት በግራፍ ካሰፈሩት 2.5 ላይ ክፍተቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።