የአባቴ የግንባር ደብዳቤዎች ተጣበቁብኝ፤ እንዴት ላላቅቃቸው?

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። አባቴ በደርግ ጊዜ ኤርትራ ውስጥ ይዋጋ የነበረው የናደው ዕዝ የሚባለው ጦር ወታደር ነበር። ከናቅፋ ግንባር ለእናቴ የጻፋቸው 9 ደብዳቤዎች አሉን። እናቴ በፌስታል ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ስታኖራቸው እርጥበት ገብቶባቸው ሦስቱ ተጣብቀዋል።

የላይኛው ላይ «እኔ አለሁ፣ ደህና ነኝ። ሕፃኗን ሳሚልኝ» የሚለው ይነበባል። ሕፃኗ እኔ ነኝ። ከዚያ በታች ሰማያዊው እስክሪፕቶ ደብዝዟል። ቀኑ የካቲት 1980 ዓ.ም. ይላል። በወሩ ዕዙ አፋቤት ላይ ተደመሰሰ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም።

ጠርዙን በጥፍሬ ስሞክረው ተቀደደብኝ፤ ወዲያው ተውኩት። በእንፋሎት አላቅቂው የሚሉኝ አሉ፤ ቀለሙ ጨርሶ እንዳይጠፋ ግን ፈራሁ። የድሮ ወረቀት የጠገናችሁ ወይም ቤተ መዛግብት የሠራችሁ፣ ምን ላድርግ? እናቴ 70 አልፏታል። ቁጭ ብዬ ላነብላት እፈልጋለሁ።